«መስታወት ዘግቼም ጎረቤት ያማርራል»፦ ስለ መኪና ቴፕ ለተነሳ ጥያቄ የቴፕ ገጣሚ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ቪትዝ አለችኝ። ከኋላ ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር (የባስ ስፒከር) ከነአምፑ (ከነድምፅ ማጉያው) አስገጥሜያለሁ። ሰፈር ስገባ ሁሌም መስታወት እዘጋለሁ። አንዳንድ ማታ ግን በር ላይ አቁመን ከልጆች ጋር ትንሽ እንጫወታለን። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ‹ቤቴ ተንቀጠቀጠ› ብለው ለእናቴ ስሞታ ተናገሩ። እኔም ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫንኩና በራቸው ላይ ቆሜ ለካሁ። 60 ዴሲቤል ነው ያለኝ። ሰው እንኳ ሲያወራ ይህን ያህል ይወጣዋል። ሴትዮዋ እያጋነኑ ነው ወይስ አገጣጠሙ ላይ ችግር አለ? ደግሞስ ድሬ ሞቅ ያለች ከተማ አይደለችም እንዴ?»

አቦ፣ እሳቸውም አላጋነኑም፣ ገጣሚህም አላጠፋም። የዋሸህ ስልክህ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ማን እየመለሰልህ እንደሆነ እወቅ። የመኪና ቴፕ መግጠም የጀመርኩት ካሴት በነበረበት ዘመን ነው። ያኔ ፔጆ ታክሲ ውስጥ ስፒከር እገጥም ነበር፤ ዛሬ ባጃጅ ውስጥ እገጥማለሁ። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚሁ ሥራ ነው። ስለዚህ ሙዚቃ የሚጠላ ሽማግሌ ሊመክረኝ ነው ብለህ አትሽሽ።

ስልኩን እናስቀድም። የሰው ጆሮ ሁሉንም ድምፅ እኩል አይሰማም። ቀጭኑን ቶሎ ይይዘዋል። ወፍራሙ ግን ብዙ ጉልበት ካልታከለበት አይሰማውም። መለኪያዎች ይህን የጆሮ ጠባይ እንዲከተሉ ስለሚፈለግ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሰው ይቆጥራሉ። ብዙዎቹ የስልክ አፖች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ፣ ማለትም 50 ኸርዝ፣ ሲመጣ 30 ዴሲቤል ያህል ይቀነስለታል። የአንተ ሰብዉፈር ደግሞ ሥራው በሙሉ እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ እናትየዋ በር ላይ የነበረው ድምፅ በአብዛኛው ድም ድም ከሆነ፣ አፑ 60 ያለህ እውነተኛው 90 አካባቢ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የስልክ ማይክ የተሠራው ለንግግር ነው። ባስ ላይ ደካማ ነው፤ የቀረውንም እሱ ይውጠዋል።

30 ዴሲቤል ትንሽ እንዳይመስልህ። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። 10 ሲጨምር ጉልበቱ 10 እጥፍ ነው። 20 ሲጨምር 100 እጥፍ። 30 ሲጨምር 1,000 እጥፍ። ከንባቡ የጠፋው ያ ነው።

አሁን ወደ መስታወቱ። የ50 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል። ቪትዝህ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ 4 ሜትር አትሞላም። እንዲህ ያለውን ሞገድ በስስ መስታወትና በላሜራ አግደዋለሁ ማለት ዘበት ነው። ላሜራው ራሱ አብሮ ይርገበገብና ድምፁን ወደ ውጪ ያሳልፈዋል። ድምፅን የሚያግደው ክብደት ነው። ድምፁ በወፈረ ቁጥር ደግሞ የሚፈልገው ክብደት ይጨምራል። ቀጭኑ ድምፅ ግን በቀላሉ ይታገዳል። የዘፋኙ ድምፅ፣ ኪቦርዱ፣ ጭብጨባው አብዛኛው መኪናው ውስጥ ይቀራል። በሌላ አነጋገር መስታወት ስትዘጋ ሙዚቃውን ለራስህ ታስቀራለህ፤ ለሰፈሩ የምትልከው ድም ድሙን ብቻ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ከዓመታት በፊት ከሱቄ ጀርባ ያሉ እናት ቡና ጠሩኝ። ገባሁ፣ ተቀመጥኩ። ረዳቴ ውጪ አዲስ የገጠምነውን መኪና መሞከር ጀመረ። መጀመሪያ ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች ተንጫጩ። ቀጥሎ ከጣራው ቆርቆሮ አንዱ ሚስማሩ የላላ ነበር መሰለኝ፣ ዝዝዝ ማለት ያዘ። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ያንኳኳኛል። የትኛው ዘፈን እንደሆነ ለመለየት ጆሮዬን ሰጥቼ ብጠብቅ፣ ወይ ፍንክች። ቴፑን የገጠምኩት እኔ፣ ካሴቱን መርጬ የሰጠሁት እኔ! ሴትዮዋን ቀና ብዬ አየኋቸው። «ይሄ እንግዲህ የዘወትር ነው» አሉና ቶናውን ቀዱልኝ። ምንም አልጨመሩም። እኔም የምለው አጥቼ ጠጣሁ።

የአንተም ጎረቤት «ቤቴ ተንቀጠቀጠ» ሲሉ የሚነግሩህ እንደወረደ የሆነውን ነው። «ጮኸብኝ» አላሉም፣ ልብ በል። ቆርቆሮና የመስኮት መስታወት የየራሳቸው የሚርገበገቡበት ልክ አላቸው። ያንን ልክ የሚነካ ድምፅ ሲመጣ አብረው ይዘፍናሉ።

ደግሞ የሳቢያንን ሙቀት አንተ ታውቀዋለህ። ድሬ ከባሕር በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ብቻ ነው ያለችው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቤት ውስጥ መተኛት እንዴት እንደሆነ ልንገርህ እንዴ? ሰው አልጋውን ግቢ ያወጣል፣ አጎበሩን ይሰቅላል፣ ሰማይ እያየ ይተኛል። ቤት ውስጥ የቀረውም መስኮቱን በርግዶ ነው። በዚያ ወቅት በአንተ ሰብዉፈርና በሕፃን ልጅ ጆሮ መካከል ያለው የአጎበር ጨርቅ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 (በፈረንጆቹ) ባወጣው መመሪያ መኝታ ቤት ውስጥ ያለማቋረጥ የሚሰማ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። ወፍራም ድምፅ የበዛበት ከሆነ ከዚያም ዝቅ እንዲል ይላል። የተኛ ሰው ባይነቃ እንኳ ልቡ ቶሎ ቶሎ ትመታለች፣ እንቅልፉም ይሳሳል። ጠዋት «ተኝቼ ነበር፣ ግን ደክሞኛል» የሚልህ ለዚህ ነው።

ሌላም የሌሊት ነገር አለ። ቀን ላይ መሬቱ ስለሚግል ድምፅ ወደ ላይ ይታጠፋል። ማታ መሬቱ ከአየሩ ቀድሞ ሲቀዘቅዝ ግን ድምፅ ወደ ታች ይታጠፍና ሩቅ ይሄዳል። ከዚራ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ያለ ሰርግ አጠገብህ ያለ መስሎህ አያውቅም? አሸዋው ላይ የሚያግደው ነገር የለም። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ጠባብ መንገድ ውስጥ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም። ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና በሚገባባቸው ጥቂት መንገዶች ላይ አንዱ ቴፑን ከፍ ሲያደርግ፣ ድምፁ ከድንጋይ ግድግዳ ድንጋይ ግድግዳ እየተላተመ አብሮህ ይሄዳል። እዚያው ጁገል ውስጥ «መኪና ግርግር» የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ስፌት መኪና እንኳ ለሰፈር ስም እስኪያወጣ ድረስ ተሰማ። አንተ የያዝከው 12 ኢንች ነው!

«ድሬ ሞቅ ያለች ከተማ አይደለችም ወይ?» ላልከው፣ ናት። በ1902 (በፈረንጆቹ) ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ፉጨትና ጫጫታ ለምዳለች። ግን ባቡሩ መቼ እንደሚያፏጭ ሰው ያውቅ ነበር። የሰርግ አጀብ ክላክስ እያስጮኸ ሲያልፍ ማንም አይቆጣም። እንደውም በር ላይ ወጥተን እልል እንላለን። ምክንያቱም የማን እንደሆነ እናውቃለን፣ ቶሎ ያልፋል፣ ነገ አይደገምም። ሰውን የሚያቃጥለው የድምፁ ትልቅነት ብቻ አይደለም። መቼ እንደሚጀምር አለማወቁ፣ መቼ እንደሚያበቃ አለማወቁ፣ «ዝቅ አድርገው» ቢል እንደማይሰማ ማሰቡ ነው። ደግሞም ይህችው ሞቅ ያለች ከተማ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሱቋን ዘግታ ጋደም የምትል ናት። ከዚያ ወዲያ ያለው የበርጫ፣ የጫት ሰዓት ነው፤ እሱም ቢሆን ጨዋታ ይወዳል እንጂ ጩኸት አይወድም። የመረቀነ ሰው አጠገብ ባስ ከፍተህ ሞክርና ፊቱን እየው።

«መስጊዱስ? ቤተ ክርስቲያኑስ?» የሚለኝ ደንበኛ አይጠፋም። የዚያን ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየው። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ የጣራ ላይ የጡሩንባ ስፒከር ባስ የለውም፤ መስኮት ስትዘጋ በደንብ ይቀንሳል። የአንተው አይቀንስም።

ሕጉን በአጭሩ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል። በአገራችን የድምፅ ደረጃ መሠረት የመኖሪያ ሰፈር ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ማታ ከሆነ ያ ዋሾ አፕህ እንኳ 60 ሲልህ እያለፍክ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ደግሞ ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ሲከለክል ጭስን፣ ሽታን፣ ጩኸትን ይጠራና መንቀጥቀጥንም ይጨምራል። የተጻፈው ለመሬትና ለቤት ባለቤት ነው፤ ቪትዝን አስቦ አይደለም። ግን ከ60 ዓመት በፊት ሕግ ያረቀቁ ሰዎች የእናትየዋን ቃል ቀድመው መጻፋቸው ይገርመኛል።

ስለ ራስህ ጆሮም ትንሽ ልናገር፤ ደንበኞቼ ይሄን ሲሰሙ ነው ደንገጥ የሚሉት። ማታ ቴፑን ሳትቀንስ መኪናውን አጥፍተህ ትገባለህ። ጠዋት ቁልፍ ስታዞር ይጮህብህና ትዘላለህ። ቮልዩሙን ማንም አልነካውም። ማታ ላይ ጆሮህ ደንዝዞ ነበር፤ ሌሊት አርፎ ተመለሰ። በየቀኑ እንዲህ ካሰለቸኸው አንድ ቀን አይመለስም። የሚታወቀው የአንድ ቀን ልክ እንዲህ ነው፦ 85 ዴሲቤል ላይ 8 ሰዓት፣ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። ሦስት ሲጨምር ሰዓቱ በግማሽ ይቆረጣል። ሌሊት ጆሮህ ውስጥ ዚዚዚ የሚል ነገር ከሰማህ ማስጠንቀቂያው ደርሶሃል። የኋላ ወንበር ላይ ሕፃን ከጫንክ ደግሞ አስብበት፤ ቪትዝ ውስጥ ሰብዉፈሩ ያለው ከልጁ ጀርባ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝኑኝ ባጃጅ የሚነዱት ልጆች ናቸው። ባጃጅ በር የላትም፤ ድምፁ ለመንገደኛውም ለተሳፋሪውም እኩል ይደርሳል። ስፒከሩን የምንገጥመው ከተሳፋሪው ጭንቅላት ኋላ ነው፤ ሌላ ቦታ የለማ። ተሳፋሪው በ10 ደቂቃ ይወርዳል። ሾፌሩ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነው። አሁን አሁን ባጃጅ ሲመጣልኝ ስፒከሩን ወደ ፊት፣ ወደ ሾፌሩ እግር አካባቢ አወርደዋለሁ። ድምፁ ስለሚቀርበው ራሱ ይቀንሰዋል። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ በሳምንቱ ይረሱታል።

አንተ ግን «ታዲያ ባሱን ልንቀለው?» ልትለኝ ነው። አትንቀል። ጥሩ ድምፅ ማግኘትና ሰፈር ማንቀጥቀጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከመቶው ደንበኛዬ ዘጠናው አምፑን ያለልክ ከፍቶ የሚመጣው ድምፁ ስላማረ ሳይሆን ስላላማረ ነው። የጎደለውን በጉልበት ሊሞላው ይፈልጋል።

ከቀላሉ ጀምር። ኋላውን ከፍተህ፣ ባሱን ለቀቅ አድርገህ፣ በእጅህ እየዳሰስክ ዙር። የሚንቀጠቀጠው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ታርጋው ነው። ከታርጋው ጀርባ ቁራጭ ጎማ አድርገህ ቡለኑን አጥብቀው። ከዚያ የኋላውን በር ላሜራና የሁለቱን የፊት በሮች ውስጥ ጎማነት ባለው የድምፅ ማፈኛ ልጣፍ አልብሳቸው። ላሜራው ሲከብድ መርገብገቡ ይቀንሳል። የበሮቹ ስፒከሮችም ወዲያው ይሻሻላሉ። ይሄን ሠርተህ ብቻ ቮልዩሙን ዝቅ አድርገህ መስማት ትጀምራለህ።

ቀጥሎ አምፑ ላይ «ጌን» የሚል ቁልፍ አለ። ሁሉም ሰው ቮልዩም ይመስለዋል። አይደለም። ከቴፑ የሚመጣውን ምልክት ከአምፑ ጋር ማስተካከያ ነው። እስከ መጨረሻው ካዞርከው ድምፁ ጫፉ ይቆረጥና ይሻክራል። የሻከረ ባስ ነው ሰው ግንባር ላይ የሚያርፈው፤ ትዊተር የሚባለውን የቀጭን ድምፅ ስፒከር የሚያቃጥለውም እሱ ነው። በቀጭን ካቻቢቴ ወደ ኋላ መልሰው። የባሱን መቁረጫ 80 ኸርዝ ላይ አድርግ፤ ሰብዉፈሩ ከዚያ በታች ያለውን ብቻ ይጫወታል። የበሮቹን ስፒከር ከ80 በላይ ብቻ እንዲጫወቱ አድርግ። የባስ ቡስት የሚል ቁልፍ ካለ አጥፋው፤ እሱን ያመጣው ሰው ጎረቤት አልነበረውም መሰለኝ።

ሳጥኑ ባለ ቀዳዳ ነው ዝግ? ባለ ቀዳዳ ከሆነ አንዷን ኖታ ብቻ አጉልቶ ያጓራል፤ ያቺ ኖታ ናት ቆርቆሮ የምታዘፍነው። እንደ ቪትዝ ትንሽ መኪና ውስጥ ዝግ ሳጥን ይበቃሃል። የተዘጋ ጠባብ ክፍል ራሱ ወፍራሙን ድምፅ ለውስጠኛው ሰው ያጎላዋል። መስታወት ከከፈትክ ግን ይህ ማጉላት ይጠፋል። መስታወት ከፍቶ ባስ መጨመር የተበሳ ጎማ መንፋት ነው። ስለዚህ ሙቀቱ አስቸግሮህ መስታወት የምትከፍት ከሆነ ባሱን ጨርሰህ ዝቅ አድርገው፤ በበሮቹ ስፒከር ብቻ ስማ።

ትልቅ አምፕ ልግዛ እንዳትል ደግሞ። ከ100 ዋት ወደ 1,000 ዋት ብትዘል ለጆሮህ እጥፍ የጮኸ ያህል ብቻ ነው የሚሰማህ። ዲናሞህ ግን 1,000 ዋቱን እስከ መጨረሻው ይከፍላል። ማታ ባሱ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ እልም ብልጭ የሚለው መኪና አይተህ አይደል? የሚለምን መኪና ነው እሱ። በድሬ ሙቀት ባትሪ እንዲያውም ዕድሜው አጭር ነው።

ድል ጮራ ሆስፒታል አካባቢ፣ ለቅሶ ድንኳን ስታይ፣ አምቡላንስ ከኋላህ ሲመጣ ምን እንደምታደርግ አልነግርህም፤ የድሬ ልጅ ነህ። አምቡላንሱን ለመስማት ግን ቴፑ አስቀድሞ ዝቅ ያለ መሆን አለበት።

አሁን ወደ እናትየዋ እንመለስ። ስሞታውን ወደ ፖሊስ ሳይሆን ወደ እናትህ ነው የወሰዱት። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መልሱንም እናትህ እንዲያደርሱልህ አትጠብቅ፤ አንተው ሂድ። ቀን ላይ፣ ቡና ሰዓት ላይ ብትሄድ ጥሩ ነው። «ይቅርታ እማማ፣ እስኪ እርስዎ ቤት ቁጭ ብዬ ልስማው» በላቸው። ድሬ አንቱታ ባይበዛባትም ለዚህ ቀን ይሁን። ጓደኛህ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። ማታ የምታቆምበት ቦታ ላይ፣ ማታ የምትሰማውን ዘፈን፣ በዚያው ቮልዩም ይክፈት። አንተ እሳቸው የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ቁጭ በል። በሩን ዝጋ። እጅህን ግድግዳው ላይ፣ ከዚያም መስኮቱ ላይ አድርግ። ለጓደኛህ ደውልና ባሱን ቀስ በቀስ እንዲቀንስ አድርግ፤ ሲኒው እስኪያርፍ፣ መስታወቱ ዝም እስኪል፣ እሳቸውም «አሁን ደህና ነው» እስኪሉ ድረስ። ይህ ከየትኛውም አፕ ይበልጣል።

የባሱ ቁልፍ የቆመባትን ያቺን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አድርግባት። የቀን ልክህ እሷ ናት። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሰብዉፈሩ ጨርሶ ይጥፋ፤ የበሮቹ ስፒከር ለጨዋታ ከበቂ በላይ ነው። ለዚህ እንዲመችህ የባሱን መቆጣጠሪያ ቁልፍ ከአምፑ ወደ መሪው አጠገብ በገመድ አምጣው። ከኋላ ሄዶ ሳጥን መክፈት የሚሰለች ሰው ስለሆንክ ያስፈልግሃል። ገመዱን የአምፑ የመብራት ገመድ በሌለበት በኩል፣ ከምንጣፉ ሥር አሳልፈው። የአምፑ ወፍራም የመብራት ገመድ ካለበት ወገን ካሳለፍከው ሞተር ባስነሳህ ቁጥር ይጮህብሃል። እና ገመድ ከመንካትህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል።